ጉልበት ቢያምም ጭን ይሥራ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የጉልበት ሎሚያቸውን አሟቸው ወደ እኔ የሚመጡ ወጣቶች የሚነግሩኝ ይመሳሰላል፦ ደረጃ ስወርድ፣ ቁጢጥ ስል፣ ታክሲ ውስጥ ብዙ ተቀምጬ ስነሳ ፊት ለፊቱን ይጠዘጥዘኛል። አብዛኞቹ ራጅ ተነስተው «ምንም የለም» ተብለዋል። ራጁ ትክክል ነው፤ ሕመሙም እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ያለው ከጉልበት በላይ፣ ጭን ላይ ነው።

ከጭናችን ፊት ያሉት አራት ጡንቻዎች ወደ ታች ወርደው በአንድ ጅማት ይገናኙና ሎሚውን ይይዙታል። እግራችንን የሚዘረጉት እነሱ ናቸው፤ ደረጃ ስንወርድም ሰውነታችንን ቀስ እያሉ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ሸክሙ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ የታወቀ ልኬት፣ ሜዳ ላይ ስንሄድ ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችንን ክብደት ግማሽ ያህል ነው። ደረጃ ላይ ከ3 እጥፍ፣ ቁጢጥ ብሎ በመነሳት ደግሞ ከ7 እጥፍ ይበልጣል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ደረጃ ላይ በእያንዳንዱ እርምጃ ከ180 ኪሎ በላይ ትሸከማለች ማለት ነው።

ክፉው ነገር ጉልበት ሲታመም ጡንቻው ራሱ መታዘዝ ማቆሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ ጥናት ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ጨዋማ ፈሳሽ በመርፌ ተጨምሮ ምን እንደሚሆን አይቷል። ከአራቱ የጭን ጡንቻዎች የውስጠኛውን ለማድከም ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር በቃ፤ ለውጨኛው ግን ከ50 እስከ 60 አስፈልጓል።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት መምህርት ትዝ ትለኛለች። አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ ከጉልበቷ ሥር ጥቅል ፎጣ አድርጌ «እህቴ፣ ፎጣውን ወደ ታች ተጫኚው» አልኳት። የደህናው እግሯ ጡንቻ እጄ ሥር ድንጋይ ሆነ። የታመመው ግን ከሎሚው በላይ በውስጥ በኩል ለስላሳ እንደሆነ ቀረ። «እየሞከርኩ ነው እኮ፣ አልታዘዝ አለኝ» አለች። ለወራት ያንን እግር ስታሳርፈው ኖራለች፤ ጭኑ በዓይን እስኪለይ ከስቶ ነበር።

ያንን የውስጥ ጡንቻ ብቻ ነጥሎ ማጠንከር ቀድሞ በሙያችን ብዙ ተደክሞበታል። ነጥሎ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ግን የለም፤ ስለዚህ ሙሉውን ጭን አሠራለሁ። የዳሌንም ጡንቻ እጨምራለሁ፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ውጤቱ የተሻለ መሆኑ ታይቷል። መጀመሪያ ፎጣውን መጫንና እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ በጎን ተኝቶም የላዩን እግር ማንሳት። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፎ በጥቂቱ ዝቅ ማለት፣ ኋላም አጭር ደረጃ ላይ ወጥቶ ቀስ ብሎ መውረድ። በማግስቱ የሚበርድ ቀላል ሕመም አያስፈራም፤ እየባሰ የሚያድር ከሆነ መጠኑ ይቀነስ።

በዐቢይ ጾም ብዙ የምትሰግዱና ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ስግደቱን ለጊዜው ያቀሉላችኋል። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ከተቆለፈ፣ ከትኩሳት ጋር ካመማችሁ ወይም ወድቃችሁ መርገጥ ካቃታችሁ ግን እንቅስቃሴውን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጡንቻ የሚጠነክረው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙዎች ሕመሙ ጋብ ሲልላቸው ይተውታል፣ ይመለስባቸዋል። እባካችሁ፣ ሳትጨርሱ አታቁሙ።