ቻርጅ የሚባል ቃል

እኛ ዘንድ «ቻርጅ አለህ?» ማለት ትርጉሙ አንድ ነው፦ ስልኬ ሊዘጋ ነው። አዲስ አበባ ካፌ ገብቶ ከማኪያቶው በፊት ሶኬት የሚፈልግ ሁሉ ቃሉን በዚህ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር ሲኖሩ ግን ይኸው ቃል ደረሰኝ ላይም፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ላይም ይመጣል።

ሥሩ ጭነት ነው። በላቲን «ካሩስ» ጋሪ ነው፤ ጋሪ ላይ መጫን ከሚለው ቃል ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። ካርጎ የምንለውም ዘመዱ ነው። ጠመንጃ ላይ ባሩድ መጫንም ቻርጅ ተባለ (እኛ «ማጉረስ» ነው ያልነው፤ የእኛው ይጣፍጣል)። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጠርሙሶችን ደርድሮ ሲያገናኝ ስብስቡን «ባትሪ» አለው፤ ባትሪ ያኔ አንድ ላይ የተሰለፉ መድፎች ስም ነበር። ስልካችን የመድፈኛ ቋንቋ ተሸክሞ ነው የሚዞረው ማለት ነው።

የገንዘቡን ቻርጅ ሁላችንም ቀምሰነዋል። 500 ብር የበላ ሰው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ሲደመርበት 550፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 632 ብር ከ50 ይከፍላል። «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ» ሲባል ደስ የሚለንም ለዚህ ነው።

ሰው የሚያስደነግጠው የሕጉ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ «እገሌ ቻርጅ ተደረገ» የሚል ዜና ሲልክ፣ እዚህ ያለው «ተፈረደበት» ብሎ ያወራል። አልተፈረደበትም፤ ገና መከሰሱ ነው። ጥፋተኛ ሲባል ቃሉ «ኮንቪክትድ» ነው፤ በሁለቱ መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። «ቻርጅስ ድሮፕድ» ካለ ደግሞ ክሱ ቀርቷል። በዚህ ስህተት ስሙ የጠፋ ሰው ስንት አለ!

ኃላፊነትም ጭነት ነውና «ሁ ኢዝ ኢን ቻርጅ?» ያለ ሰው አለቃው ማን እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። አምባሳደር በሌለበት ኤምባሲውን የሚመራው ሰው ማዕረግ፣ በፈረንሳይኛው «ሻርዤ ዳፌር»፣ ጉዳይ የተጫነበት እንደማለት ነው፤ የእኛ ጋዜጦች «ጉዳይ ፈጻሚ» ይሉታል።

እንግዲህ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ይህ ቃል ያለበት ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ቃል እዩ። «ፎር» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሂሳብ ነው፤ «ኢን» ከሆነ ኃላፊነት። «ዊዝ» ሆኖ ከፍርድ ቤት ወይም ከፖሊስ የመጣ ከሆነ ግን ክስ ነው፤ ዘመድን «ተርጉምልኝ» ከማለታችሁ በፊት ጠበቃ ጋ ደውሉ።