ስለ ኪሮሽ አሻንጉሊት የሚባለውና እውነታው

ለብዙዎቻችን ኪሮሽ ሲባል ትዝ የሚለን ሶፋና ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል ነው። አሁን ግን በዚያው ኪሮሽ ድብ፣ ጥንቸል፣ ኤሊና ዝሆን የሚሠሩ ወጣቶች በዝተዋል። ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉት ይህ የእጅ ሥራ ሲስፋፋ ብዙ የተሳሳተ ወሬም አብሮት ተስፋፍቷል። አንዳንዱ ወሬ ጀማሪን ከማስፈራት ያለፈ ጉዳት የለውም። ሌላው ግን ሕፃን ላይ አደጋ ያመጣል፤ አሻንጉሊት ልጅ ታቅፎት የሚተኛ፣ አፉ ውስጥ የሚከተው ዕቃ ነውና።

«ዳንቴል የሠራ እጅ አሻንጉሊት አያቅተውም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ክር አያያዝ የለመደ ሰው ትልቁን ችግር ተሻግሯል። ይሁን እንጂ የዳንቴል ውበቱ ክፍተቱ ላይ ሲሆን አሻንጉሊት ግን ክፍተት ካለው ተበላሸ ማለት ነው፤ ውስጡ የተሞላው ነገር በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ ልጁም በጣቱ እየጎረጎረ ያወጣዋል። ለዚህ ነው የክሩ ጥቅል ላይ ያለው ወረቀት 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ተጠቀሙ ቢልም አሻንጉሊት ሠሪዎች ወደ 3 ወይም ወደ 2.5 የሚወርዱት። ስፌቱ ጠበቅ ሲል እጅ ያደክማል፤ የሚፈለገው ግን እሱ ነው።

«ሒሳብ የማይችል አይሞክረው» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው ሳይጀምር ያስቀራል። ሒሳቡ ስድስት እየደመሩ መሄድ ነው። ክሩ በቀለበት ይጠመጠምና በውስጡ 6 አጫጭር ስፌት ይሠራል። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ስፌት ላይ ሁለት ሁለት ይሠራና 12 ይሆናል። በሦስተኛው አንዱን ነጠላ፣ ቀጣዩን እጥፍ እያደረጉ ሲሄዱ 18 ይሞላል፤ ከዚያ 24፣ 30፣ 36። በየዙሩ 6 እስከተጨመረ ድረስ ሥራው እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሰፋል። መጨመሩ ሲቆም ጠርዙ ወደ ላይ ይነሣል፤ በኋላ ደግሞ 6፣ 6 እየተቀነሰ ሲሄድ አፉ ይገጥምና ኳስ ይሆናል። የእንስሳው ራስ ኳስ ነው፣ ሆዱ ሞላላ ኳስ ነው፣ እግሩና የዝሆኑ ኩምቢ ቱቦ ናቸው። ዙሩ ሳይዘጋ እየተጠማዘዘ ስለሚቀጥል ግን መነሻው በቀላሉ ይጠፋል። ስለዚህ የየዙሩ የመጀመሪያ ስፌት ላይ መርፌ ቁልፍ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ክር ይደረጋል። ሠርተው ሲጨርሱ ጎኑ የተዛባ እንስሳ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ምልክት ተዘንግቶ ቆጠራው ሲሳሳት ነው።

«ይሄማ በማሽን የተሠራ ነው፤ ለምን ይወደዳል?» ገበያ ላይ ዘወትር የሚሰማ ጥያቄ ነው። ሹራብ የሚሠራ ማሽን አለ። ኪሮሽ የሚመስል ጨርቅ የሚያወጣ ማሽንም አለ። እውነተኛውን የኪሮሽ ስፌት ዙር በዙር እየሠራ አሻንጉሊት የሚያወጣ ማሽን ግን በፋብሪካ ደረጃ የለም። የኪሮሽ አሻንጉሊት የትም አገር ይሸጥ፣ በምንም ዋጋ ይሸጥ፣ የሰው እጅ ሠርቶታል። መዳፍ የምታክል ድብ ልምድ ላለው ሰው እንኳ የሰዓታት ሥራ ናት። እጅግ ረክሶ የተገኘ እንደሆነ አንድ ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ አላገኘም ማለት ነው። ዋጋ ስንከራከር ይህን ብናስብ ደስ ይለኛል።

ክርን በተመለከተ «ጥጥ ካልሆነ ለልጅ አይሆንም» የሚሉ አሉ። የጥጥ ክር ጠንካራ ነው፣ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ ቅርጹንም ይይዛል። አክሪሊክም ቢሆን ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ለብዙ ሰው ይቀርባል፤ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ካውያ ካረፈበት ይቀልጣል። ለትንንሽ ልጆች የማይመከረው ጸጉራም ክር ነው፤ ሲጠቡት ጸጉሩ ተነቅሎ አፋቸው ውስጥ ይቀራል። ከክሩ ይልቅ መጠንቀቅ ያለብን ግን ውስጡ ለሚገባው ነገር ነው። «ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር ይሞላበታል» ማለት ስሕተት ነው። ሩዝና ባቄላ እርጥበት ይይዛል፣ ነቀዝ ያፈራል፣ ስፌቱ የተፈታ ዕለት ደግሞ ልጅ ያንቃል። የተቦጫጨቀ ስፖንጅም ከወጣ እንደዚያው ያንቃል። የትራስ ጥጥ ሲታጠብ ይጓጉላል፤ መሐሉ ሳይደርቅ ቀርቶ ይሻግታል። የሚሻለው የፖሊስተር ፋይበር ነው፤ እሱም ቢሆን ሲበዛ ስፌቱን ወጥሮ ይከፍታል። አሻንጉሊቱ ሲጨበጥ ወደ ውስጥ የሚል፣ ሲለቁት የሚመለስ ከሆነ በቂ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዓይኑ ነው። ሴፍቲ አይ እየተባለ የሚሸጥ የፕላስቲክ ዓይን አለ፤ ከኋላው ጥርስ ያለው እግር አለው፣ ክብ ሮንዴላ ከውስጥ በኩል ይገባበትና ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ስሙ ሴፍቲ ስለሆነ «ለሕፃን አያሰጋም» ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። መቆለፊያው እውነትም ጠንካራ ነው። ችግሩ የሚይዘው ጨርቅ ኪሮሽ መሆኑ ነው። የኪሮሽ ስፌት ይለጠጣል፤ ልጁ ደጋግሞ ሲስበውና በጥርሱ ሲነክሰው ቀዳዳው እየሰፋ ሄዶ ዓይኑ ከነመቆለፊያው ሾልኮ ይወጣል። በአውሮፓ የአሻንጉሊት ፍተሻ ከ6 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዓይን በ90 ኒውተን ኃይል ይሳባል፤ 9 ኪሎ ግራም የሚሆን ዕቃ እንደተንጠለጠለበት ማለት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ትንንሽ ነገሮች የሚለኩበት ሲሊንደር 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ቁራጭ ያለው አሻንጉሊት ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲሸጥ አይፈቀድም። ቤት ውስጥ የሶፍት ጥቅል የካርቶን ቱቦ ለመገመት ይረዳል፤ ከሲሊንደሩ ትንሽ ስለሚሰፋ ጥንቃቄው ይበልጣል። ቁልፍና ዶቃም ከዚህ አያመልጡም። ለሕፃን የሚሠራ እንስሳ ዓይኑ በጥቁር ክር ይጠለፋል፤ አፍንጫውም እንዲሁ። እንዲያውም በጥልፍ የተሠራ ፊት የበለጠ ገጽታ አለው፤ ሽፋሽፍቱን ትንሽ ዝቅ ስታደርጉት እንቅልፍ የመጣበት ድብ ይሆናል።

ስለ ኦክቶፐሱም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንማርክ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የኪሮሽ ኦክቶፐስ መሥራት ጀመሩ፤ ልማዱ ወደ ሌሎች አገሮች ሆስፒታሎችም ተዛመተ። «እግሮቹ እትብት ስለሚመስሉ የሕፃኑን ልብና ትንፋሽ ያስተካክላሉ» ተባለ፤ ወሬው እንደ መድኃኒት ተሠራጨ። መነሻው ግን የወላጆችና የነርሶች ምልከታ ነበር፤ ጥናት አልነበረም። ሕፃኑ የኦክቶፐሱን እግር ይዞ የመተንፈሻና የመመገቢያ ቱቦውን መጎተት ቢተው ጥሩ ነው፣ ወላጅንም ያጽናናል። ሕክምና ነው ለማለት ግን የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ለእነዚህ ሕፃናት በጥናት የተረጋገጠው በአገራችን ሆስፒታሎችም የሚታወቀው የካንጋሮ እንክብካቤ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ በተቻለ ፍጥነት፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ እንዲታቀፍ ይላል። ኦክቶፐስ የሚሠሩትም ጥብቅ ደንብ አላቸው፤ ክሩ ንጹሕ ጥጥ መሆን አለበት፣ በ60 ዲግሪ ሙቀት ይታጠባል፣ እግሩ ተስቦ ከ22 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የረዘመ እንደሆነ አንገት ወይም ጣት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ ሕፃኑን ነርስና መሣሪያ ይከታተሉታል። ቤት ውስጥ ያ ክትትል ስለሌለ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ምንም ዓይነት ለስላሳ አሻንጉሊት እንዳይቀመጥ ይመክራል። ስለዚህ ለአራስ ጥየቃ የመጣላችሁን ውብ ጥንቸል መደርደሪያው ላይ ብታስቀምጡት ማንም ቅር አይበለው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ሆናችሁ በየባዛሩ የምትሸጡ እህቶችና ወንድሞች «በእጅ የተሠራ ስለሆነ ሕጉ አይነካንም» የሚለውን አትስሙ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣችው የምርት ደኅንነት ሕግ ለአነስተኛ አምራች አንዳንድ ፍተሻ ቢያቃልልም የትንንሽ ቁራጭ ፍተሻን አይተውም። በአውሮፓ ኅብረት የደኅንነት መስፈርት ማሟላቱን የሚያሳየው የሲኢ (CE) ምልክት የሌለው አሻንጉሊት አይሸጥም። «ለጌጥ ብቻ» ብሎ መጻፍም ዕቃው አሻንጉሊት መስሎ ከታየ አያድንም።

የተሠራ ደግሞ ይላላል። ባጠባችሁት ቁጥር እጁን፣ ጆሮውንና ጭራውን ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ፤ የላላ ስፌት ካገኛችሁ ከልጁ ውሰዱና ጠግናችሁ መልሱለት። ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ደግሞ ዛሬውኑ ዓይኑን እዩት፤ ፕላስቲክ ከሆነ ቆርጣችሁ አውጡና በክር ጥለፉት።