ሥር የሰደደ ሕመም በአንጎል ላይ የሚያስከትለው ለውጥና የተሃድሶ ሕክምና ፋይዳ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የመርካቶ ገበያ ከጭነት መኪና ወደ መጋዘን የሚገባው ዕቃ በአመዛኙ የሚጓጓዘው በሰው ጀርባ ነው። በእህል በረንዳ ኩንታል የሚሸከም ወዛደር ወገቡን ለወራት ሲያመው አንዳንዱ "ሥራ ጠልቶ ነው" ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ "ተኝተህ ዕረፍ" ሲል ይመክረዋል። የሕክምና ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ግን ሁለቱም አስተያየቶች የችግሩን ምንነት የተረዱ አይደሉም።

ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ወይም የሚመላለስ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው።

አዲስ ጉዳት የሚፈጥረው ሕመም ሰውነትን ከተጨማሪ አደጋ ይጠብቃል። የሕመም መልእክት ለወራት ሲደጋገም ግን በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ ንቁ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህም ሳቢያ የተጎዳው ጡንቻ ካገገመ በኋላም ቀላል እንቅስቃሴ እንደ አደጋ ይቆጠራል። ሁኔታው ሌባው ከሄደ በኋላም ኮሽታ በሰማ ቁጥር የሚጮኸውን የሱቅ ዘበኛ ይመስላል። ይሁንና ሕመሙ እውነተኛ እንጂ የፈጠራ አይደለም።

በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት ሥር የሰደደ የጀርባ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ለውሳኔና ስሜትን ለመቆጣጠር የሚያገለግለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል መጠን ቀንሶ መገኘቱን አመልክተዋል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረጉት ጥናት በበኩሉ ሕክምናው በረዳቸው ሕሙማን ላይ ይኸው ክፍል ከስድስት ወራት በኋላ መልሶ መወፈሩን አሳይቷል። ለውጡ የማይመለስ አለመሆኑ ለተሃድሶ ሕክምና ተስፋ የሚሰጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ የወገብ ሕመም ትምህርትን፣ የአካል ብቃት እንቅስቃሴንና የሥነ ልቦና ድጋፍን ያካተተ ክብካቤ እንዲሰጥ ይመክራል። በአንጻሩ የወገብ ቀበቶን በመደበኛ ሕክምናነት አይደግፍም። ታካሚው በባለሙያ እየተመራ በአጭር የእግር ጉዞ ይጀምራል፤ ቀጥሎም ቀላል ክብደት ወደ ማንሳት ያመራል። አንጎሉም እንቅስቃሴ አደጋ አለመሆኑን ደረጃ በደረጃ ይማራል።

ይሁን እንጂ ከሕመሙ ጋር የእግር መስነፍ፣ ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ከታየ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል። የአከርካሪ አጥንት ቲቢም በወገብ ሕመም ሊጀምር ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሰጠው ጥበቃ በቅጥር ግንኙነት ላይ የተመሠረተ ነው። ቋሚ አሠሪ ለሌለው ተሸካሚ "ተኝተህ ዕረፍ" ማለት የዕለት ጉርሱን እጣ ማለት ነው። በመሆኑም በየደረጃው የሚገኙ ኃላፊዎች ታማሚውን እንደ ዳተኛ ከመቁጠር ይልቅ የጋሪ አጠቃቀምን፣ የጭነት ክብደት መቀነስን እንዲሁም ወደ ሥራ ቀስ በቀስ መመለስን ቢያመቻቹ ለሕክምናው ስኬት የበኩላቸውን አስተዋጽኦ ያደርጋሉ።