በያጁና የሚነጋገረው ስልክ

ከመተማ ማዶ ያለችው ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት፤ እርሻዋም በትራክተር ስለሚታረስ፥ ዝናም በጣለ ሰሞን የማረሻ ዲስክ ቢሰነጠቅ ገበሬው የሚጠብቀው በያጁን ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተነሣው የሱዳን ጦርነት ግን ብዙ ባለሞያ በትኗል።

መምህር ያጣ ወጣት በእጅ ስልኩ የሚነጋገረውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢጠይቅ፥ ዲስኩ ካርቦን የበዛበት ብረት ስለ ሆነ አስቀድሞ ካልሞቀ ከብየዳው አጠገብ ሊሰነጠቅ እንደሚችል፥ ከተበየደም በኋላ በአመድ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ መብረድ እንዳለበት ሊነግረው ይችላል። ባገራችን «ቀጥቃጭ» እየተባለ ይናቅ ለነበረ ሞያ እንዲህ በትዕግሥት የሚመልስ መገኘቱ ደግ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ስሕተቱንም በድፍረት ይናገራልና፥ ወጣቱ የአምፔሩን ልክ ከኤሌክትሮዱ ማሸጊያ ጋራ ሳያስተያይ፥ በቁራጭ ብረትም ሳይሞክር የሰው ዲስክ አይንካ። እጁን ይዞ የሚያሳየው ሽማግሌ በያጅ ከተገኘማ፥ ስልኩ ለማታ ይቆይ።