ካዝና መቆለፍ የተከለከለው ምክር ቤት

ኢንትራሙሮስ ስፔናውያን በድንጋይ ግንብ ያጠሯት አሮጌዋ ማኒላ ናት። እዚያ በሄድኩ ጊዜ አስጎብኚያችን ከካቴድራሉ አጠገብ ባለው አደባባይ ዳር አቆመንና «በእስያ የመጀመሪያው የሕዝብ ምክር ቤት የተከፈተው እዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው» አለን። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። እኔ ግን በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስሕተት ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ።

የእስያ የመጀመሪያው አይደለም። የጃፓን ምክር ቤት በ1890 ተከፍቷል (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)፤ የኢራን መጅሊስ በ1906። ፊሊፒናውያን ራሳቸውም ቢሆኑ አሜሪካ ከመግዛቷ በፊት፣ በ1898፣ ማሎሎስ ከተማ ባራሶዋይን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮንግሬስ ተቀምጠው ሕገ መንግሥት ጽፈዋል። «ፓርላማን አሜሪካ አስተማረቻቸው» የሚለውን ወሬ የሚያምን ሰው ማሎሎስን አያውቅም። ሁለተኛው ስሕተት ቀለል ይላል፦ በኦክቶበር 16 ቀን 1907 ምክር ቤቱ የተከፈተው በማኒላ ግራንድ ኦፔራ ሃውስ፣ በቲያትር ቤት ነው። ወደ ኢንትራሙሮሱ ሕንፃ፣ ወደ አዩንታሚዬንቶ የእብነ በረድ አዳራሽ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አስጎብኚው አልተቀየመኝም። «ለፎቶ ግን ይሄኛው ይሻላል» አለኝ።

የፊሊፒንስ አሴምብሊ አመሠራረት በአጭሩ ይህ ነው። አሜሪካ ደሴቶቹን በ1898 ከስፔን በ20 ሚሊዮን ዶላር ተረከበች፤ ነጻነቱን ያወጀውን ሪፐብሊክ በጦርነት ደመሰሰች። በ1902 ዋሽንግተን ያወጣችው ሕግ፣ የሕዝብ ቆጠራው ውጤት ታትሞ ሁለት ዓመት በሰላም ካለፈ ከ50 እስከ 100 መቀመጫ ያለው የታችኛ ምክር ቤት በምርጫ ይቋቋማል አለ። የላይኛው ምክር ቤት ግን የሚሾመው ኮሚሽን ነው። (እባካችሁ ይህን ኮሚሽን «ሴኔት» አትበሉት፤ ማንም አልመረጠውም።) አብዛኞቹ ኮሚሽነሮች አሜሪካውያን ነበሩ። ሚኒስቴሮቹን የሚመሩትም እነሱው ስለሆኑ ጠዋት በሚኒስትርነት ያረቀቁትን ሕግ ከሰዓት በሕግ አውጪነት ያጸድቁታል። የሙስሊሞቹ የሞሮ ምድርና የተራራው ሕዝብ አገርማ ከነጭራሹ ለኮሚሽኑ ብቻ ተተወ።

መራጩ ወንድ፣ ዕድሜው ቢያንስ 23 መሆን ነበረበት። ከሦስቱ አንዱን ደግሞ ማሟላት ነበረበት፦ በስፔን ዘመን የከተማ ሹመት የነበረው፣ ወይም 500 ፔሶ የሚያወጣ ርስት ያለው አለዚያም በዓመት 30 ፔሶ ግብር የሚከፍል፣ ወይም ስፔንኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚናገር፣ የሚያነብና የሚጽፍ። ታጋሎግ ወይም ሴቡዋኖ አቀላጥፎ የሚጽፍ ሰው በዚህ ሕግ ፊት ማይም ነው። ከ7.6 ሚሊዮን ሕዝብ ድምፅ የሰጠው 98 ሺህ ገደማ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ማጥለያ በኋላ አሜሪካኖቹ የሚጠብቁት ለዘብተኛና ወዳጅ ምክር ቤት ነበር። የአሜሪካ ወዳጆች የነበሩት ፕሮግሬሲስታዎች ከ80ው 16 መቀመጫ ብቻ አገኙ። ያሸነፉት ነጻነት አሁኑኑ ባዮቹ ናሲዮናሊስታዎች ናቸው።

ከተመራጮቹ መካከል ፔድሮ ፓቴርኖ ነበር፤ የማሎሎሱን ኮንግሬስ በፕሬዚዳንትነት የመራው እሱ ነው። ፌሊፔ አጎንሲሊዮ ነበር፤ በ1898 የአዲሱ ሪፐብሊክ መልእክተኛ ሆኖ ዋሽንግተንና ፓሪስ ድረስ ሄዶ በይፋ የሚቀበለው አጥቶ የተመለሰ የባታንጋስ ሰው። የዕፅዋት ተመራማሪው ሌዎን ማሪያ ጌሬሮም ነበር። አፈ ጉባኤ ሆኖ የተመረጠው ሰርሂዮ ኦስሜኛ ገና 29 ዓመቱ ነው። የአብላጫው መሪ ማኑኤል ኬዞንም እኩያው፣ በሳን ሁዋን ደ ሌትራን ትምህርት ቤት የተማረ ጓደኛው፣ በ1903 አብሮት የጥብቅና ፈተና የተፈተነ። በ1906 ሁለቱም የየክፍለ ሀገራቸው ገዥ ሆነው ተመርጠዋል። ኬዞን በጦርነቱ ተዋግቶ በ1901 እጁን የሰጠ መኮንን ነው። ምክር ቤቱ ሊከፈት ሁለት ወር ሲቀረው፣ በኦገስት 1907፣ ኮሚሽኑ የፊሊፒንስን ባንዲራ መስቀል ወንጀል ነው የሚል ሕግ አወጣ። ሰዎቹ ለምረቃው ሲገቡ የተዋጉለትን ጨርቅ ደጅ ትተው ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። በ1902ቱ ሕግ ውስጥ ተወሽቃ የቀረች አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ምክር ቤቱ ለመንግሥት ሥራ የሚያስፈልገውን በጀት ሳያጸድቅ ጉባኤውን ቢያበቃ፣ ባለፈው ጊዜ የጸደቀው ያህል ገንዘብ እንደ ጸደቀ ይቆጠራል ትላለች። ምክር ቤቱ እስኪወስን ድረስም የግምጃ ቤቱ ሹም ገዥውን እያማከረ ይከፍላል።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ሠራተኛው ደመወዙን ያግኝ እንጂ» የሚሉኝ አሉ። ቆይ እንጂ። የእንግሊዝ ነገሥታት መኳንንቱንና የከተማውን ሰው ይሰበስቡ የነበረው ምክር ናፍቋቸው አይደለም፤ ብር ቸግሯቸው ነው። የተሰበሰበውም ሰው «ብሩን ውሰድ፣ በፊት ግን ይህን በደላችንን ስማ» ማለትን ለመደ። ፓርላማ የሚባለው ነገር ያደገው ከዚህ «በፊት ግን» ከሚለው ቃል ነው። መሣሪያ የሌለው ሰው መሣሪያ ያለውን መንግሥት የሚያስደነግጠው ካዝናውን በመቆለፍ ብቻ ነው። የዋሽንግተን ሕግ አርቃቂዎችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ አባቶቻቸው ቅኝ ተገዥ ሳሉ እንግሊዝን ሲሞግቱ ተጠቅመውበታል። ለማኒላ ምክር ቤት ሲሰጡ ግን ቁልፉን ነቅለው ነው።

ዘዴው የአሜሪካኖች ፈጠራም አይደለም። የጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 ምክር ቤቱ በጀት ካላጸደቀ መንግሥት ባለፈው ዓመት በጀት ይሥራ ይላል። (ይህ የእኛ የ1931 ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገው ሰነድ ነው፤ ወደዚያ ከገባሁ ግን አልወጣም።) በ1900 ለሃዋይ የተጻፈው ሕግም ያቺው ዘዴ አለችው። ፖርቶ ሪኮ ላይ ግን አርቃቂዎቹ ዘነጓት። በ1909 የፖርቶ ሪኮ ተወካዮች ቀዳዳውን አይተው በጀቱን ሳያጸድቁ ተበተኑ። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበረው ታፍት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በጦር ሚኒስትርነቱ የማኒላን ምክር ቤት የከፈተው ያው ታፍት። ለኮንግሬስ አቤት አለና በወራት ውስጥ የማኒላዋ ዓረፍተ ነገር ፖርቶ ሪኮ ላይም ተሰፋች።

በዲሴምበር 2018 ሜሪላንድ የአጎቴ ልጅ ቤት ነበርኩ። ባለቤቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በጀት አልጸደቀም ተብሎ መንግሥት 35 ቀን ሲዘጋ እሷም ቤት ቁጭ አለች፤ ቡናው በየቀኑ ሦስቴ ይፈላ ጀመር። በዚያው ሰሞን ማኒላም የ2019 በጀት ሳይጸድቅ አዲሱ ዓመት ገባ፤ የተፈረመው በኤፕሪል 15 ነው። ያም ሆኖ በጀት አጥቶ በሩን የዘጋ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ለእሷ ይህን ስነግራት «ምን ዓይነት የታደለ አገር ነው!» አለች። ሕገ መንግሥታቸውን ከፍቼ አሳየኋት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6፣ ክፍል 25 ኮንግሬሱ በጀቱን በጊዜ ካላጸደቀ ያለፈው ዓመት በጀት እንደገና እንደ ታወጀ ይቆጠራል ይላል። ቅኝ ገዥ የሠራውን ልጓም ነጻ አገር ለምቾቱ አስቀርቶታል። እሷ አሁንም የታደሉ ናቸው ትላለች። እኔ አልቆረጥኩም።

እንግዲህ «ያ አሴምብሊ የአሻንጉሊት ሸንጎ ነበር፤ ተናገረ እንጂ ምን ሠራ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች መጀመሪያ ያንን የ1902 አንቀጽ ያንብቡ። ሰውን እጁን አስሮ ለምን አትማታም ማለት ደግ አይደለም። ደግሞም ተማተዋል። በገዥው በካሜሮን ፎርብስ ዘመን ሁለቱ ምክር ቤቶች በበጀት ላይ ሳይስማሙ የተለያዩበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ እንደሚፈስ እያወቁ አልፈረሙም። ቢያንስ ወጪው የገዥው እንጂ የእነሱ ፈቃድ እንዳልሆነ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

እኔ ግን ይበልጥ የማደንቃቸው በሌላ ነው። ያ አንቀጽ የወሰደባቸው «እምቢ» ማለትን ነው፤ አዲስ ወጪ ማመንጨትን አልወሰደም። የመጀመሪያ ሕጋቸው በኑዌቫ ኤሲሃው ተመራጭ በኢሳውሮ ጋባልዶን ስም የሚታወቀው ቁጥር 1801 ነው። ለገጠር መንደሮች ትምህርት ቤት መሥሪያ 1 ሚሊዮን ፔሶ መደበ። ኮሚሽኑ ይህን ምን ብሎ ይከልክል? አሜሪካ የመጣሁት ላስተምር ነው እያለች! ትምህርት ቤቶቹ አርክቴክቱ ዊልያም ፓርሰንስ ባወጣው ናሙና ተሠሩ፤ ከመሬት ከፍ ያሉ፣ እርጥበትም ጎርፍም የማይደርስባቸው፣ ሰፋፊ መስኮታቸው ካፒዝ በሚባል የባሕር ዛጎል የተሠራ፣ ብርሃን እንጂ ቃጠሎ የማያስገባ። «ጋባልዶን» ዛሬ የሕንፃ ዓይነት ስም ሆኗል። በ2019 እንዳይፈርሱ የሚጠብቅ ሕግ ወጥቶላቸዋል። አንዱን አይቻለሁ፤ ልጆች ወለሉን በኮኮናት ቅርፊት እየወለወሉ ነበር።

በ1908 የፊሊፒንስን ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ጁን 19 ኦስሜኛ ጉባኤውን ሲዘጋ ሕዝቡ ነጻነት እንደሚፈልግ ከአፈ ጉባኤው ወንበር ላይ ተናገረ። ኬዞን በ1909 ነዋሪ ኮሚሽነር የሚባል የፊሊፒንስ ተወካይ ሆኖ ዋሽንግተን ሄደ፤ ድምፅ መስጠት በማይፈቀድለት ኮንግሬስ ውስጥ ሰባት ዓመት ተከራከረ። በ1916 የጆንስ ሕግ ወጣ፤ ኮሚሽኑ በሕግ አውጪነቱ አከተመለት፤ ከ24 አባላቱ 22ቱ የሚመረጡ ሴኔት በቦታው ተተካ። ያቺ የበጀት ዓረፍተ ነገር አዲሱ ሕግ ውስጥም ገባች።

አዩንታሚዬንቶ በ1945ቱ የማኒላ ውጊያ ፈርሶ ግንቡ ብቻ ቀርቶ ነበር። በቅርብ ዓመታት ተሠርቶ አለቀና ለአገሪቱ ግምጃ ቤት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ቡድናችን ወደ አውቶቡሱ ሲመለስ እኔ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ።

«ጉዳይዎ?» አለኝ ጥበቃው።

«በጀት» አልኩት።