የስሜት ሕዋሳት በግዢ ውሳኔያችን ላይ ያላቸው ድርሻ፦ ሸማቹ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

በበዓል ዋዜማ ወደ ገበያ የሚወጣ ሸማች በርበሬውን በቀለሙ፣ ቅቤውን በሽታው፣ ሽንኩርቱን በጣቱ ጫን አድርጎ፣ ሐብሐቡን መታ መታ አድርጎ በድምፁ ይመርጣል። ይህ ከወላጆቻችን የወረስነው ልምድ ዛሬም ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የስሜት ሕዋሳት መልእክት የሚያቀብሉን ስለ ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የቀረበበት ብርሃን፣ ማሸጊያውና በአካባቢው የሚሰማው ድምፅ ጭምር ውሳኔያችንን ይመራሉ። ይህን መረዳት የሸማቹን ገንዘብም ጤናም ይጠብቃል።

ዓይን ቀድሞ ይወስናል

እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ አንድ ጥናት፣ በፈረንሳይ ቦርዶ የወይን ጠጅ ሙያ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ማቅለሚያ ቀይ እንዲመስል የተደረገ ነጭ ወይን ጠጅ ቀረበላቸው። ተማሪዎቹም ሽታውን ለቀይ ወይን ጠጅ በሚውሉ ቃላት ገለጹት። ዓይናቸው ያየው ቀለም አፍንጫቸው ያሸተተውን ለውጦባቸዋል።

በገበያችንም ተመሳሳይ ሁኔታ ያጋጥማል። ቀላ ያለ መብራት የበራበት ሥጋ ከእውነተኛ መልኩ ይበልጥ ትኩስ መስሎ ይታያል። በቀይ መረብ የታሸገ ብርቱካንም ይበልጥ የበሰለ ይመስላል። የጤፍ ዋጋ በነጭነቱ መጠን ከፍ ስለሚል፣ አንዳንድ ሕገ ወጦች ጄሶን የመሰለ ባዕድ ነገር ለመቀላቀል የሚነሳሱት ዓይን ነጭነትን እንደ ጥራት መቁጠሩን ስለሚያውቁ ነው። የተፈጨ በርበሬ ላይ ማቅለሚያ የሚጨመረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አፍንጫ ይለምዳል

የተቆላ ቡና ወይም ትኩስ ዳቦ መዓዛ መንገደኛውን ሳያስበው ወደ ሱቁ ይስበዋል። በሌላ በኩል አፍንጫ በአንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቆይ ሽታውን መለየት ያዳግተዋል። ስለዚህ በቅቤ ተራ ከሻጭ ወደ ሻጭ ሲዘዋወር የቆየ ሰው ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ከተቀላቀለው የመለየት ችሎታው ይቀንሳል። ለጥቂት ጊዜ ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ መመለስ ይህን ችግር ያቃልላል።

እጅ ዕቃውን የራሱ ያደርገዋል

በእጃችን የያዝነውን ዕቃ ገና ሳንከፍልበት የራሳችን አድርገን እንቆጥረዋለን፤ መልሶ ማስቀመጥም ይከብደናል። ልብስን ወይም የእጅ ስልክን «ያዙት፣ ሞክሩት» የሚል ግብዣ ኃይል የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

እጅ ክብደትን በመመዘን ረገድም ይሳሳታል። ክብደታቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ጥቅሎች መካከል በመጠን አነስ ያለው ከብዶ ይሰማናል። ስለሆነም የእጅ ግምት ሚዛንን ሊተካ አይችልም።

ጆሮም ከገበያ ውጭ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ አንድ ጥናት በእንግሊዝ በሚገኝ ሱፐርማርኬት የፈረንሳይ ሙዚቃ በተከፈተባቸው ቀናት የፈረንሳይ ወይን ጠጅ ከጀርመኑ በልጦ ተሸጧል፤ የጀርመን ሙዚቃ በተከፈተባቸው ቀናት ደግሞ የጀርመኑ በልጧል። ከገዢዎቹ አብዛኞቹ ግን ሙዚቃው በምርጫቸው ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩን አልተቀበሉም። ከዚህ የምንረዳው፣ ተጽዕኖው ብዙውን ጊዜ ሳይታወቀን የሚደርስ መሆኑን ነው።

የስሜት ሕዋሳት የማይደርሱባቸው ጉዳዮች

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በስሜት ሕዋሳት ሊታወቅ በማይችለው ነገር ላይ ነው። በጨው ውስጥ አዮዲን መኖር አለመኖሩ በዓይን አይታይም፤ በምላስም አይለይም። በአግባቡ ባልደረቀ ወይም ባልተከማቸ በርበሬና ለውዝ ላይ ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ቀለምም ጣዕምም የለውም። በተለመደው የማብሰል ሂደት ሙሉ በሙሉ አይወገድም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ «መልኩ ያምራል» ወይም «ይጣፍጣል» ማለት «ለጤና ተስማሚ ነው» ማለት አይደለም።

ሸማቹ ሊወስዳቸው የሚገቡ ጥንቃቄዎች

• ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት የሚገዙትን ዕቃና ሊያወጡ ያሰቡትን ገንዘብ በጽሑፍ ይያዙ።
• ሥጋ፣ አትክልትና ጨርቃ ጨርቅን በተቻለ መጠን በቀን ብርሃን ይመልከቱ።
• በርበሬን ከተፈጨው ይልቅ በዛላው መግዛትን ይምረጡ። በደንብ የደረቀ ዛላ ሲነቀነቅ ፍሬው ይንሿሿል። ክብደት እንዲጨምር ውኃ የተረጨበት ዛላ ግን ይለሰልሳል፤ ለሻጋታም ይጋለጣል።
• በታሸጉ ምርቶች ላይ የአምራቹን ስም፣ የተመረተበትንና አገልግሎቱ የሚያበቃበትን ቀን ሳያነቡ አይግዙ።
• ዕቃው በፊትዎ እንዲመዘን ይጠይቁ፤ ደረሰኝ ተቀብለው ያስቀምጡ።

የሸማቹ መብት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛትና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ደንግጓል። ጥራቱን ወይም አማራጮችን በማየቱ አልያም በዋጋ በመደራደሩ ምክንያት ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድም አዋጁ በግልጽ አስፍሯል። በመሆኑም ዕቃውን አይተው፣ አሽተውና ዳስሰው ሲያበቁ ሳይገዙ መሄድ መብትዎ ነው፤ በይሉኝታ የማይፈልጉትን ዕቃ ሊገዙ አይገባም።

ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት፣ ሚዛኑ የተጓደለ ወይም የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ምርት ሲያጋጥምዎ ምርቱንና ደረሰኙን ይዘው በአቅራቢያዎ ለሚገኘው የንግድ ጽሕፈት ቤት ቅሬታዎን ያቅርቡ። ከምግብና ከመድኃኒት ደኅንነት ጋር የተያያዘ ጥቆማ ደግሞ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 መስጠት ይቻላል። በወቅቱ የሚሰጥ ጥቆማ በዚያው ገበያ የሚገበያዩ ሌሎች ቤተሰቦችንም ከጉዳት ያድናል።