በነቀምት አዲስ የመስክ መኪና የሚገዛ ሠራተኛ ሊያሰላው የሚገባ ርቀት

ነቀምት፦ በነቀምትና በሌሎች የወለጋ ከተሞች አዲስ አነስተኛ የመስክ መኪና ለመግዛት የሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ አስቀድሞ ይጠይቅ የነበረው ስለ ነዳጅ ፍጆታው ነበር። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር ወር 2016 ዓ.ም ካስታወቀ ወዲህ ግን ጥያቄው ወደ ባትሪው ዞሯል።

ከተማዋ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አምራቹ በአንድ ሙሌት 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል የሚለው መኪና መንገዱን በቀላሉ የሚጨርስ ይመስላል። ይሁንና አኃዙ የተገኘው በፋብሪካ ፍተሻ ነው፤ ዳገት፣ ፍጥነትና ጭነት ይቀንሱታል። ወደ ጊምቢ የሚወስደው 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በቁልቁለቱ ሞተሩ የተወሰነ ኃይል ለባትሪው ይመልሳል፤ ዳገቱ የሚወስደው ግን ከዚያ ይበልጣል።

60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪን 3 ኪሎ ዋት ከሚሰጥ ተራ የግድግዳ ሶኬት ከባዶ ለመሙላት 20 ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በየማታው ከፊሉን የሚሞላ ሰው ለከተማ ጉዳይ አይቸገርም፤ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ረጅም መንገድ የሚነሣ ግን ይቸገራል።

ባትሪው የሚቀመጠው ከወለሉ ሥር በመሆኑ ለወረዳ የጠጠር መንገድ የመኪናው ከፍታ ሊለካ ይገባል። ገዢው ሻጩ የሚያሳየውን ስክሪን ከማድነቁ በፊት ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሥር ቢመለከት ይሻለዋል።